ቢላዋውን አትንቀለው

ቢላዋውን መንቀል አልነበረበትም፤ ነቀለው። አትንቀለው ተብሎ ነበር። ያለችው ግን ሚስቱ ስለነበረች ነቀለው። በአሥራ ሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ እሷ ያለችውን አድርጎ አያውቅም፤ ያን ቀን ጠዋት የሚጀምርበት ምክንያት አልታየውም።

ሰውየው ሥጋ ቆራጭ ነው። ከአንገቱ ሥር የተከመረውን ጡንቻ አይቶ የሠፈሩ ሰው «ሻኛ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። ሥጋ ቤቱ ከፊት ለፊት፣ መኖሪያው ከኋላ ነው፤ በመካከላቸው አንድ የእንጨት በር አለ። ከቤት ወደ መንገድ የሚወጣ ሰው በሥጋ ቤቱ ውስጥ፣ በመንጠቆዎቹ ሥር የግድ ያልፋል። ሚስቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ነጭ ጋውኗን በፌስታል ጠቅልላ፣ ደም እንዳይነካው እስከ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ይዛ በዚያ ስትመላለስ ኖራለች።

ነርሲንግ ተማሪ ናት፣ በሠላሳ አምስት ዓመቷ። የክፍሏ ልጆች ከገዛ ልጇ ቢበልጡ በሁለት በሦስት ዓመት ነው። «ማዘር» ይሏታል። መጀመሪያ ለፌዝ ነበር፤ የሰውነት ክፍሎች ትምህርት ሲጀመር ግን ፌዙ ቀረ። ልጆቹ ጅማትና ጡንቻ ከመጽሐፍ ላይ ሲሸመድዱ፣ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ስትበልተው የኖረችው ነገር ስሙ ብቻ ነበር የጎደላት። መገጣጠሚያ በየት በኩል እንደሚላቀቅ ታውቃለች። ትልቁ ደም ቅዳ በየት አድርጎ ወደ ጭን እንደሚወርድም ታውቃለች። አንድ ቀን «እዚህ ጋ ሰውና በሬ አንድ ነው» ብላ ብሽሽቷን ስትጠቁም ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህርቷ አልሳቀችም።

«ትክክል ናት» አለች። «ጻፉት።»

መምህርቷ ሃያ ዓመት ድንገተኛ ክፍል የሠራች፣ አጭር፣ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። ሁሉን ነገር በሰዓት ነው የምታስተምረው። እጅ የሚታጠበው አርባ ሰከንድ ነው። የታሰረ ደም ሥር የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል፤ ወረቀት ከሌለ በሽተኛው ግንባር ላይ ይጻፋል። ሰዓቱን ያልጻፈ ተማሪ ሥራውን እንዳልሠራ ይቆጠራል።

ሻኛ ሚስቱን ኮሌጅ ግቢ ያላት፣ ሁለት ወር ሳይሞላት አፍራ እንደምትመለስ እርግጠኛ ስለነበረ ነው። በአንደኛው ዓመት ለደንበኞቹ ይቀልድ ነበር። «ዶክተሯ ዛሬ የሉም፣ ቀዶ ጥገና ላይ ናቸው» ይላል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። በሁለተኛው ዓመትም አፍራ አልተመለሰችም፤ ቀልዱ አለቀ። አንድ ቀን ደንበኛ ቆሞ እያለ፣ «ጉበት የቆረጥክበትን ቢላዋ ሳታጥብ ሥጋ አትቁረጥበት» አለችው። ደንበኛዋ ሴትዮ የያዘችውን ሥጋ መልሳ አስቀመጠችና ወጣች። ሻኛ መዝጊያውን አወረደ፣ እጁን በፎጣ በደንብ አደራረቀ፣ ከዚያ ፊቷን በቡጢ መታት። መጀመሪያ እጁን ማድረቁ ነው ከሁሉ የገረማት።

በማግሥቱ መምህርቷ ጠራቻት።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«መንጠቆ መታኝ።»

መምህርቷ ከዓይኗ ሥር ያለውን ክብ ሰንበር ጠጋ ብላ አየችው። «መንጠቆው ቀለበት ያደርጋል እንዴ?»

ፀጉሯን ወደ ዓይኗ ሳበች። መምህርቷም አላስጨነቀቻትም። ሽፋኑ ሰማያዊ የሆነ ደብተር ሰጠቻት፤ የተግባር ልምምድ ደብተር ነው። ሠላሳ ገጽ፣ በየገጹ አንድ ሥራ፣ በየሥራው ሥር የኃላፊ ነርስ ፊርማ። ሠላሳው ያልሞላለት የመጨረሻውን የተግባር ፈተና አይፈተንም፤ ደብተሩም በር ላይ ይታያል። «ሌላ ነገር ካስፈለገሽ ቢሮዬን ታውቂዋለሽ» አለቻትና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ደብተሩ እስኪሞላ አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ። ሠላሳኛው ፊርማ የገባው ፈተናው ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ነው። ፈተናው ካመለጣት ቀጣዩ የዛሬ ዓመት ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ታውቃለች። ወረቀቱን ከያዘች ሥራ አለ፣ ሥራ ካለ ለሁለት ሰው የሚበቃ ክፍል አለ። ሁለተኛዋ ሰው ልጇ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማታ ማታ ደብተር ይዛ እናቷን ስለምታፋጥጥ በቤት ውስጥ «ፈታኟ» ትባላለች። ስሕተት የማታሳልፍ ልጅ ናት። እናቷ ትራስ ላይ መርፌ ስትወጋ፣ የወንበር እግር በፋሻ ስትጠቀልል፣ «ሰባት ሰከንድ ዘገየሽ፣ በሽተኛሽ ሞቷል» ትላታለች።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ሥጋ ቆራጭ በብዛት የሚቆስለው የት እንደሆነ ክፍል ውስጥ ሲነገር እሷ ቀድሞውኑ ታውቀው ነበር። ሥጋ ከአጥንት ሲፈለቀቅ ቢላዋው ወደ ራስ ይሳባል፤ ያመለጠ እንደሆነ መድረሻው ጭን ነው። ከብረት ቀለበት የተሠራ ሽርጥ ፈልጋ አመጣችለት። «እኔ ምሽግ ውስጥ ነው እንዴ የምሠራው?» አለና ምስማር ላይ ሰቀለው። የተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

የፈተናው ዋዜማ ላይ ረዳቱ ተቆጥቶ ሥራውን ጥሎ ሄደ። ለማግሥቱ አራት ሰዓት ደግሞ የአንድ ሆቴል ትእዛዝ ነበረበት፤ ስልሳ ኪሎ፣ አጥንት የሌለበት። «ነገ አንቺ ትቆርጫለሽ» አላት።

«ነገ ፈተና አለብኝ።»

«ፈተናሽ እኔ ነኝ» አለና ወደ መኝታው ሄደ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ በእንጨቱ በር ወጣች። ፈተናው ሦስት ሰዓት ነው። የመንገዱ መዝጊያ እስከ ወገብ ተከፍቷል። ሻኛ ታፋ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ እየፈለቀቀ ነበር። ቀና አላለም።

«ሽርጥሽን አድርጊ።»

«ስመለስ እቆርጥልሃለሁ። እስከዚያ ወንድምህን ጥራው።»

«ጎሚስታ ሥጋ ይቁረጥልኝ?»

«ቢላዋ አያያዝ ያስተማርከው አንተ ነህ።»

«ጎማ ነው የሚሸተው ሥጋው። ሽርጥሽን አድርጊ አልኩሽ።»

ወደ መዝጊያው ሁለት እርምጃ ተራመደች። ቦርሳዋን ከኋላ ጨምድዶ ሲስባት ማንገቻው ተበጠሰ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጋውኑ ከነፌስታሉ፣ ማዳመጫው፣ እስክሪብቶዎቹ፣ ሰማያዊው ደብተር። ሻኛ ጎንበስ ብሎ ደብተሩን አነሳ። ገለጥ ገለጥ አደረገው፣ ፊርማዎቹን አየ።

«ይቺ ናት አይደል?» አለ። «ይቺን ካላሳየሽ አያስገቡሽም።»

«አምጣው።»

ደብተሩን አጥንት የሚከተከትበት ግንድ ላይ አስቀመጠና መጥረቢያውን አነሳ። እሷ እጇን ሰደደች። ጣቶቿ ሽፋኑ ላይ ደርሰው ነበር፤ እሱም አይቷቸዋል። አይቷቸው መጥረቢያውን አላቆመውም። እንዴት አድርጋ እንደሳበቻቸው እሷም አታውቅም፤ ብረቱ የትንሿን ጣቷን ጥፍር ጫፍ ብቻ ወስዶ ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ ግንዱ ውስጥ ተሰነቀረ።

ከዚያ በፊት መትታው አታውቅም። ጠረጴዛው ላይ የቅልጥም አጥንት ነበር፤ በሁለት እጇ አንስታ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈችው። ሻኛ ተንገዳገደ፣ ግን አልወደቀም፤ እሱን የሚያክል ሰው በአንድ አጥንት አይወድቅም። ፀጉሯን ጠቅልሎ ያዘና ከተሰቀለው ጎድን ጋር አጋጫት። ደግሞ አጋጫት። በሦስተኛው አቅጣጫው ተዛነፈና አጠገቡ ያለው ባዶ መንጠቆ ትከሻዋ ውስጥ ገባ። ልብሷ ሲቀደድ ሰማችው፣ ከልብሷ ሥር ያለውም ሲቀደድ ሰማችው። ሲለቃት ወለሉ ላይ ተዘረረች። አፏ በደም ሞላ፤ ምላሷን ነክሳለች።

«አሁን ሽርጥሽን አድርጊ» አለና ወደ ታፋው ተመለሰ።

እያለከለከ ነበር። ቢላዋውን ከአጥንቱ ሥር አስገባና በሙሉ ኃይሉ ወደ ራሱ ሳበው። የተናደደ ሰው ቢላዋ አይስብም፤ ይህን ለረዳቶቹ ሁሉ ሲያስተምር የኖረው ራሱ ነው። ቢላዋው በጮማው ላይ አዳለጠ። ከአጥንቱ አመለጠና በግራ ጭኑ ውስጥ፣ ከብሽሽቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ እስከ እጀታው ገባ።

ሻኛ ቁልቁል አየው። የሰው ዕቃ እጁ ላይ የተገኘበት ሰው ይመስል ነበር።

እሷ ከወለሉ ቀና አለች። ቦታውን አየች፤ ጥልቀቱን ከእጀታው ገመተች። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት፤ የመምህርቷ ድምፅ ነበር።

«አትንቀለው። ባለበት ይሁን፤ እሱ ነው የደፈነው። አትንቀለው።»

«ዝም በይ» አለና ነቀለው።

ደሙ አልፈሰሰም፤ ተተኮሰ። የፍሪጁን መስታወት መታ፣ ቆመ፣ ደግሞ መታ። ሻኛ አንድ እርምጃ ሊራመድ ሞከረ። እግሩ ከድቶት እንደ ጆንያ ተዘረጋ።

እሷ ተነስታ ቆመች። ልክ እንደቆመች ቀረች።

አንድ። መዝጊያው እስከ ወገብ ክፍት ነው። ሁለት። አውቶቡስ በየአሥር ደቂቃው ያልፋል። ሦስት። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልወጋው፣ ራሱ በእጁ ነው። አራት። ሻኛ ከወለሉ ላይ ዓይን ለዓይን እያያት ነበር፤ የምትቆጥረውን የሰማ ይመስል።

አምስት ላይ ጉልበቷ ብሽሽቱ ላይ ነበር። ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት። ያን ጊዜ ሻኛ ጮኸ፤ በሬ ሲጮህ ሰምታ ታውቃለች፣ ይህ ከዚያ የባሰ ነው። ከጠረጴዛው ላይ ንጹሑን ሽርጥ ጎትታ በጥርሷ ቀደደችው። ከቁስሉ ከፍ አድርጋ ጭኑ ላይ ሁለት ዙር አዞረችው፣ ቋጠረችው። መጠምዘዣ ያስፈልጋል። እጇ የደረሰበት የቢላዋ መሳያው ብረት ነበር። ቋጠሮው ላይ አድርጋ ደግማ ቋጠረችና መጠምዘዝ ጀመረች።

መጠምዘዙ ከቁስሉ በላይ ያማል፤ ይህንንም ተምራዋለች። ሻኛ አልተማረውም። የምትገድለው መሰለው። በቡጢ ደረቷን መታት፣ ከዚያ በሁለት እጁ አንገቷን ያዘ። አውራ ጣቶቹ ጉሮሮዋ ላይ ሲጠልቁ መሳያውን አልለቀቀችም፤ ከለቀቀች ዞሮ ይፈታል። በግንባሯ አፍንጫውን መታችው። አልለቀቃትም። ጠረጴዛውና መንጠቆው መደብዘዝ ጀመሩ።

የእንጨቱ በር ተከፈተ። ፈታኟ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ማበጠሪያ በእጇ ይዛ ቆማለች። ደሙን አየች፣ አባቷን አየች፣ የተያዘውን አንገት አየች። ማበጠሪያውን ጣለችና የአባቷን ክንድ በጫማዋ ረገጠችው። አንዱ እጅ ለቀቀ።

«አምቡላንስ» አለች እናቷ፤ ድምጿ እንደ ዝገት ነበር። «ከዚያ እጆቹን።»

ልጅቷ በአንድ እግሯ እንደረገጠች ደወለች። አድራሻውን ሁለት ጊዜ፣ ቀስ አድርጋ ተናገረች፤ ምን እንደደረሰ ስትጠየቅ «ጭን፣ ደም ቅዳ፣ እየታሰረ ነው» አለች። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ በአባቷ ሁለት ክንዶች ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች።

«አንቺም?» አለ ሻኛ።

«እኔም አባዬ።»

ሦስት ዙር፣ አራት ዙር። በአምስተኛው ደሙ ቆመ። ቆመ ብላ አላመነችም፤ ቁስሉ ላይ የቀረውን ሽርጥ ጠቀጠቀችና እንደገና አየች። ቆሟል።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ከአርባ ስምንት» አለች ፈታኟ። «ዘገየሽ።»

«አውቃለሁ።»

ከተበተኑት እስክሪብቶዎች ወፍራሙን አንስታ ግንባሩ ላይ ጻፈች። 1፡48። ላቡ ስላስቸገራት ሁለቴ ደመቅ አድርጋ ጻፈችው።

አሥራ ስድስት ደቂቃ ጠበቁ። ሻኛ ውሃ ለመነ፤ ከለከለችው። ሰደባት፤ ከዚያ እናቷን ሰደበ፤ ከዚያ ኮሌጁን። መልሶ ለመነ። ከንፈሩ አመድ መሰለ። እሷ በአንድ እጇ መሳያውን፣ በሌላው የልብ ምቱን ይዛ ቁጥር እየጠራች፣ ፈታኟ የተከፈለው ደብተር ጀርባ ላይ እየጻፈች ቆዩ። ጎሚስታው ወንድሙ ከአጠገብ ካለው ጎማ ቤቱ ጩኸት ሰምቶ መጣ፤ እጁ ግራሶ በግራሶ። ከበሩ አላለፈም፤ ደም አይወድም።

የአምቡላንሱ ባለሙያ ጎንበስ ብሎ በመዝጊያው ሥር ገባ። የሻኛን ግንባር አነበበ፣ መሳያውን አየ፣ ነካ አላደረገውም።

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ።»

«ነርስ ነዎት?»

«ተማሪ ነኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ፈተና አለብኝ።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ከንፈሯ ተልትሏል፣ የትከሻዋ ልብስ ተጣብቆ ደርቋል፣ አንገቷ ላይ ጣቶች ቀርተዋል። ቀና ብሎ የተደረደሩትን መንጠቆዎች አየ።

«ትከሻዎን መንጠቆ ነው?» አላት። የሚረዳት መስሎት ነው።

«አይደለም» አለች። «እሱ ነው። መንጠቆው ላይ የጣለኝ እሱ ነው። አንገቴም እሱ ነው። አንድ ከአርባ ላይ። ይጻፉት፣ ሰዓቱንም ይጻፉ።»

ሻኛ ከወለሉ ላይ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ሰውየው ቅጹን አወጣና ጻፈ።

ፈታኟ የደብተሩን ሁለት ግማሽ ይዛ ቀረበች። «ጋሼ፣ ይቺም በመጥረቢያ መቆረጧን ይጻፉልን። ፊርማዎቹ ትክክለኛ ናቸው ብለው ደግሞ ከሥሩ ይፈርሙልን።»

«እሱን አልችልም የኔ ልጅ። ሥልጣኑ የለኝም።»

«ታዲያ ምን አለዎት?»

ሰውየው ኪሱን ዳበሰ። «ፕላስተር አለኝ።»

ነጭ የቁስል ፕላስተር ነበር። ልጅቷ ግንዱ ላይ ሆና፣ የተሰነቀረው መጥረቢያ አጠገብ፣ ደብተሩን ገጽ በገጽ መለጠፍ ጀመረች። እናቷ ቧንቧው ዘንድ ሄደች። በብሩሽ፣ በሳሙና፣ አርባ ሰከንድ ቆጥራ ታጠበች። ደሙ ከጥፍሮቿ ሥር ስላልወጣ ሌላ አርባ ደገመች። የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ውሃው ግን አንድ ላይ ወሰደው። ጋውኗ ፌስታሉ ውስጥ እንደነበረ ነው፣ ነጠብጣብ አልነካውም። ትከሻዋን በፋሻ ጠቅልላ ከላይ ለበሰችው።

ሻኛን አራት ሆነው አነሱት። ጎሚስታው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። እሷ ከኋላ ገብታ ለባለሙያው አስረከበች፦ ዕድሜ፣ የቁስል ቦታ፣ የታሰረበት ሰዓት፣ የልብ ምት በየአምስት ደቂቃው። አንድም አልዘለለችም። ሁለት ሰዓት ከአሥር ነበር።

ልትወርድ ስትል ሻኛ የጋውኗን እጅጌ ያዘ።

«ቆመሽ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«አይቼሻለሁ። ደሜ እየፈሰሰ ቆመሽ ታዪኝ ነበር።»

«አራት ሰከንድ።»

«ምን እያደረግሽ?»

«እያሰብኩ።»

ሻኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራት። ግንባሩ ላይ ካለው ቁጥር ሥር ዓይኖቹ ሲያንሱ አየች። እጅጌዋን ግን አልለቀቀም። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለ። «የትም አትሄጂም።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው፤ ከአውራ ጣቱ ጀምራ፣ ቀለበቱ ያለበትን መጨረሻ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። ፈታኟ አስፋልቱ ላይ ቆማ፣ ማንገቻው የተበጠሰውን ቦርሳ አቅፋ፣ አውቶቡሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ታያለች።

«ማሰሪያውን እንዳትነካው» አለችው። «አሁንም እነግርሃለሁ። አትንካው።»

ወርዳ በሩን ዘጋችው።